ባለኪስ የግድግዳ ጨርቅ አሰፋፍ፦ ኪሱ እንዳይንዘላዘል፣ ሚስማሩም እንዳይነቀል

ባለኪስ የግድግዳ ጨርቅ ሲያዩት ቀላል ነው። አንድ ትልቅ ጨርቅ፣ ላዩ ላይ የተሰፉ ኪሶች፣ በቃ። ሞክረው የተዉት ሰዎች የሚነግሩኝ ግን አንድ ዓይነት ነው። ኪሱ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው አፉን ከፍቶ ይንዘላዘላል። ደብተር አይገባበትም፤ ከገባም ተቀርቅሮ አይወጣም። ወይም ሁሉም ሰው በተኛበት ሌሊት፣ ጨርቁ ከነዕቃው ዷ ብሎ ይወርዳል። ይቺ የመጨረሻዋ በእኔም ደርሳለች። ደብረ ማርቆስ፣ ጭቃ ቤት፣ ሐምሌ ወር። እናቴ ሌባ ገባ ብላ ዱላ ይዛ ተነሳች።

ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ከስፌቱ አይደለም። ኪሱ ውስጥ የሚገባውን ዕቃ ሳንለካ ጨርቅ እንቆርጣለን፤ ግድግዳውንም ሳናይ ሚስማር እንመታለን። ስለዚህ እዚህ ዝግጅቱ ረዘም ይላል። ስፌቱ በመኪና የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በእጅ ከሆነ ሁለት ሦስት ቀን ያዙለት።

1. መጀመሪያ ዕቃውን ለኩ

ጨርቁን ገና አትንኩት። ኪስ ውስጥ ልታስገቡ ያሰባችሁትን ሁሉ አልጋ ላይ ደርድሩ። ደብተር፣ ቻርጀር፣ የመብራትና የውሃ ደረሰኝ፣ ማበጠሪያ፣ መቀስ፣ ውዳሴ ማርያም፣ የቤት ቁልፍ። ከዚያ በሦስት ክፈሉት፦

ስስ ዕቃ (ደረሰኝ፣ ቁልፍ፣ ስልክ) ዝርግ ኪስ ይበቃዋል። የዕቃውን ወርድ ለኩና 3 ሳ.ሜ ጨምሩ።

ወፈር ያለ ዕቃ (ቻርጀር፣ የክር ጥቅል፣ ካልሲ) በጎንና በጎኑ እጥፋት ያለው ኪስ ይፈልጋል። ዝርግ ኪስ ውስጥ ወፍራም ዕቃ ስትከቱ ኪሱ ዋናውን ጨርቅ ወደ ፊት ይጎትተዋል። ያ የምታዩት መንዘላዘል የሚመጣው ከዚህ ነው።

ከባድ ዕቃ (የደብተር ክምር፣ መጽሐፍ) ምንጊዜም የታችኛው ረድፍ ላይ ነው። ላይ ከሰቀላችሁት ጨርቁ ከላይ ይሸበሸባል።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ከ20 ሳ.ሜ በላይ ስፋት ያለው ኪስ አትሥሩ። ሰፊ ኪስ አፉ መርገቡ አይቀርም። ሰፊ ካስፈለጋችሁ በአፉ እጥፋት ውስጥ ላስቲክ አስገቡ።

2. ጨርቅ

ለዋናው ጨርቅ ጠንካራ ነገር ያስፈልጋል። ካኪ፣ ጅንስ ወይም ቀጭን ሸራ። ልባሽ ተራ ሄዳችሁ ሰፊ የጅንስ ሱሪ ብታገኙ እግሩን ተርትራችሁ ለኪሶቹ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ፤ እንዲያውም ከአዲስ ካኪ ይሻላል፣ ታጥቦ ታጥቦ መሰብሰቡን ጨርሷልና። ቴትሮን ለኪስ ይሆናል፣ ለዋናው ጨርቅ ግን ይቅር። ይንሸራተታል።

እዚህ የተሰጠው ልክ 62 በ80 ሳ.ሜ የሆነ፣ በሦስት ረድፍ አሥር ኪስ ያለው ነው። ወርዱ 90 ሳ.ሜ ከሆነ ጨርቅ 1 ሜትር ከ80 ግዙ። ወርዱ 150 ከሆነ 1 ሜትር ተኩል ይበቃል። በገበያ ቀን ነጋዴው በክንዱ ሊለካላችሁ ሲጀምር የራሳችሁን ሜትር አውጡ። የእሱ ክንድና የእናንተ ሒሳብ ላይገናኙ ይችላሉ።

አቡጀዲ ብቻ ነው ያለን ለምትሉ፦ ይቻላል፣ ግን ከኋላው የሚያጠነክረው ነገር ይፈልጋል። የታጠበ የስኳር ወይም የዱቄት ጆንያ 61 በ74 ሳ.ሜ ቆርጣችሁ አስቀምጡ፤ ደረጃ 5 ላይ ታስገቡታላችሁ። ማዳበሪያ የያዘ ጆንያ ግን ቢታጠብም አይሁን። የልጆች ዕቃ የሚቀመጥበት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ አዲስ ጨርቅ ሳይታጠብ አይቆረጥም። በተለይ አቡጀዲና ካኪ ሲታጠቡ ይሰበሰባሉ። ሳታጥቡ ሰፍታችሁ ከወር በኋላ ብታጥቡት፣ ኪሱ አንድ መጠን፣ ዋናው ጨርቅ ሌላ መጠን ሆኖ ጭምድድ ይላል። በሞቀ ውሃ እጠቡ፣ አስጡ፣ ትንሽ እርጥብ እያለ ተኩሱት። የከሰል ካውያ የምትጠቀሙ ከሆነ ሌላ ስስ ጨርቅ በላዩ አንጥፉ። አንዲት የፍም ፍንጣሪ ሁሉን ታበላሻለች።

3. መሣሪያ

ሜትር፣ የተሳለ መቀስ፣ ስፒል፣ ረጅም ማስመሪያ፣ ጠመኔ። ጠመኔ ከሌለ አልቆ የሳሳ ደረቅ ሳሙና ጥሩ አድርጎ ያሰምራል፣ ሲታጠብም ይጠፋል። እስክሪብቶ አትጠቀሙ።

የስፌት መኪና ካላችሁ ለካኪ 90 ቁጥር፣ ለጅንስ 100 ቁጥር መርፌ አስገቡ። የስፌቱን ርዝመት 3 ሚሊ ሜትር ላይ አድርጉ። የእግር መኪና ከሆነማ መብራት ቢጠፋም አያስቆማችሁም። ክሩ ፖሊስተር ይሁን። የጥጥ ክር ክብደት ሲበዛበት ቶሎ ይበጠሳል።

በእጅ የምትሰፉ፣ ተራ ስፌት ሳይሆን መርፌውን በእያንዳንዱ ጊዜ ወደኋላ እየመለሳችሁ፣ ክሩን ድርብ አድርጋችሁ ስፉ።

4. መቁረጥ

የጨርቁን አንድ ጫፍ በዓይን አትመኑት። ከዳር አንድ ክር መዛችሁ አውጡ። የተመዘዘበት ቦታ ቀጥ ያለ መስመር ይተዋል። በእሱ ላይ ቁረጡ። ጠማማ የተቆረጠ ጨርቅ ሲሰቀል አንድ ጎኑ ይረዝማል፤ ያን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ማስተካከል አይቻልም።

ከዚያ እነዚህን ቁረጡ፦

ዋናው ጨርቅ፦ ወርድ 68፣ ቁመት 90 ሳ.ሜ።
የላይኛው ረድፍ ኪስ፦ ወርድ 62፣ ቁመት 20 ሳ.ሜ።
የመካከለኛው ረድፍ፦ ወርድ 74፣ ቁመት 24 ሳ.ሜ።
የታችኛው ረድፍ፦ ወርድ 80፣ ቁመት 26 ሳ.ሜ።

"ዋናው 68፣ ኪሱ 80? ተሳስተሻል" የምትሉኝ ትኖራላችሁ። አልተሳሳትኩም። የተረፈው ጨርቅ ለእጥፋቱ ነው። የኪሱ ሆድ የሚመጣው ከዚያ ነው።

እያንዳንዱ ኪስ ለብቻው ተቆርጦ አይሰፋም። ረድፉ አንድ ረጅም ጨርቅ ነው፤ በስፌት ነው የሚከፋፈለው። አንድ በአንድ ቆርጣችሁ ከሰፋችሁ አሥሩም ኪስ በየራሱ ዘመም ይላል፤ ድካሙም እጥፍ ነው።

5. የዋናው ጨርቅ ዳር

ሀ. ግራና ቀኙን መጀመሪያ 1 ሳ.ሜ፣ ከዚያ 2 ሳ.ሜ ወደ ጀርባ እጠፉ። ተኩሱት። አሁን ወርዱ 62 መሆን አለበት። ለኩ።

ለ. ጆንያ የምታስገቡ ከሆነ፣ እጥፋቱን ሳትሰፉ በፊት ጀርባው ላይ መሐል አንጥፉትና ዳሩን በእጥፋቱ ውስጥ ሸጉጡት። ከዚህ በኋላ ካውያ አይነካውም። ጆንያው ፕላስቲክ ነው፤ ይቀልጥና ካውያው ላይ ይለጠፋል። የኪሶቹን ጨርቅ ለብቻ ቀድማችሁ ተኩሱ።

ሐ. ሁለቱን ጎኖች ስፉ።

መ. የላዩን 1 ሳ.ሜ፣ ከዚያ 5 ሳ.ሜ እጠፉና ስፉ። ይህ የላይኛው ዘንግ ማስገቢያ ነው። ግራና ቀኝ አፉን እንዳትደፍኑት።

ሠ. የታችኛውን 1 ሳ.ሜ፣ ከዚያ 3 ሳ.ሜ እጠፉና ስፉ። እዚህም ዘንግ ይገባል። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። የታችኛው ዘንግ ከሌለ ግን ጨርቁ ከታች ወደ ውስጥ ይጠቀለላል።

አሁን ጨርቃችሁ 62 በ80 ነው። በ1 ሳ.ሜ ቢዛነፍ አትጨነቁ። በ3 ከተዛነፈ ተርትሩት፤ ወደፊት የሚመጡት ልኮች ሁሉ በዚህ ላይ የቆሙ ናቸው።

6. የኪሶቹ አፍ

ሦስቱንም የኪስ ጨርቆች በየተራ እንዲህ አድርጉ። ግራና ቀኙን 1 ሳ.ሜ ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ተኩሱ። ላዩን 1 ሳ.ሜ፣ ከዚያ 2 ሳ.ሜ አጥፋችሁ ስፉ፤ ይህ የኪሱ አፍ ነው። ታቹን 1 ሳ.ሜ ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ተኩሱ፣ ግን አትስፉት።

ጅንስ የያዛችሁ፣ አፉን ከማጠፋችሁ በፊት በሁለቱ ማዕዘን ላይ የተደራረበውን ትርፍ በመቀስ ቀንሱ። አለበለዚያ ኪሱን ከዋናው ጨርቅ ጋር ስትሰፉ በዚያ ቦታ ዘጠኝ ድርብ ጨርቅ ትገጥማላችሁ። መርፌ የሚሰበረው እዚያ ነው።

7. ምልክት

ቡና ቢፈላም ባይፈላም ይህን ደረጃ ተረጋግታችሁ ሥሩ።

በዋናው ጨርቅ ፊት ላይ ከታችኛው ጫፍ ጀምራችሁ ወደ ላይ ለኩና አግድም መስመር አስምሩ፦ 4 ሳ.ሜ ላይ (የታችኛው ረድፍ መቀመጫ)፣ 31 ሳ.ሜ ላይ (የመካከለኛው)፣ 55 ሳ.ሜ ላይ (የላይኛው)።

ከዚያ ከግራና ከቀኝ ዳር 1 ሳ.ሜ ገባ ብላችሁ ቁም መስመር አስምሩ። በመሐሉ 60 ሳ.ሜ ቀራችሁ። ከግራው መስመር ተነሥታችሁ፦

ለላይኛው ረድፍ 15፣ 30 እና 45 ላይ፤
ለመካከለኛውና ለታችኛው 20 እና 40 ላይ ቁም መስመር አስምሩ።

አሁን ኪሶቹ ላይ፦ የላይኛው ረድፍ እንዲሁ 15፣ 30፣ 45። የመካከለኛው 24 እና 48። የታችኛው 26 እና 52። በዋናው ጨርቅ ላይ 20 የነበረው በኪሱ ላይ 24 ወይም 26 ይሆናል ማለት ነው። የምታሳስተው ቦታ ይቺ ናት። ምልክቱን ስታደርጉ ጎኑ ላይ ቁጥሩን ጻፉበት።

8. ዝርጉን ረድፍ ስፉ

በቀላሉ እንጀምር። የላይኛውን ረድፍ የታጠፈውን ታች 55 ሳ.ሜ መስመር ላይ አስቀምጡ። ምልክቱን ከምልክቱ አገጣጥሙና በስፒል ያዙት።

ቁም ስፌቱን ከታች ወደ ላይ ስፉ፤ ከላይ ወደ ታች አይደለም። ከላይ ከጀመራችሁ መኪናው ጨርቁን እየገፋ ታች ላይ ያጠራቅመዋል። የግራውን ዳር፣ ሦስቱን መክፈያዎች፣ የቀኙን ዳር ስፉ። አፉ ጋ ስትደርሱ ሦስት ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ መልሱ። እጅ ሲገባና ሲወጣ የሚጎትተው ያን ነጥብ ነው። ስፌት መቀደድ የሚጀምረውም ከዚያ ነው። ጨርቃችሁ ስስ ከሆነ ከጀርባ በኩል የጥፍር ያህል ቁራጭ ጨርቅ ደርባችሁ አብራችሁ ስፉት።

በመጨረሻ ታቹን ከዳር እስከ ዳር ስፉ። ግማሽ ሳ.ሜ ራቅ ብላችሁ ሁለተኛ መስመር ድገሙ።

9. ሆድ ያላቸውን ረድፎች ስፉ

ብዙ ሰው እጁን የሚሰጠው እዚህ ነው። ቅደም ተከተሉን ከጠበቃችሁ ግን ቀላል ነው፦ መጀመሪያ ቁሙ፣ ቀጥሎ እጥፋቱ፣ መጨረሻ ታቹ።

ሀ. የመካከለኛውን ረድፍ 31 ሳ.ሜ መስመር ላይ አድርጉ። የግራ ዳሩን ከግራ መስመር ጋር ስፉ።

ለ. ኪሱ ላይ ያለውን የ24 ምልክት ዋናው ጨርቅ ላይ ካለው 20 ምልክት ጋር አገጣጥሙ። መሐሉ እብጥ ይላል። ይበል። ቁም መስመሩን ስፉ። 48ን ከ40 ጋር፣ የቀኝ ዳሩን ከቀኝ መስመር ጋር እንዲሁ።

ሐ. አሁን ሦስት ያበጡ ኪሶች አሏችሁ፤ ታቻቸው ክፍት ነው። የእያንዳንዱን ትርፍ ለሁለት ክፈሉና ግማሹን ወደ ግራ ስፌት፣ ግማሹን ወደ ቀኝ ስፌት እጠፉት። በመካከለኛው ረድፍ እያንዳንዱ እጥፋት ወደ ውስጥ 1 ሳ.ሜ ይገባል። በታችኛው 1 ሳ.ሜ ተኩል። እጥፋቱ ከመክፈያ ስፌቱ ጋር እኩል ይሁን እንጂ አይሻገረው።

መ. እጥፋቶቹን በስፒል ያዙ፤ ወይም በእጅ ሰፋ ሰፋ ባለ ስፌት ለጊዜው አስይዙ። ከዚያ ታቹን ከዳር እስከ ዳር ሁለት መስመር ስፉ።

የታችኛውን ረድፍ 4 ሳ.ሜ መስመር ላይ በዚሁ መንገድ ሥሩ፤ 26ን ከ20፣ 52ን ከ40 ጋር።

እጥፋቱ ጋ ስትደርሱ እግራችሁን ከፔዳሉ አንሡና የመኪናውን ጎማ በእጃችሁ አዙሩ። ስፒል ላይ አትስፉ። መርፌ ተሰብሮ ዓይን ሊመታ ይችላል። ወፍራሙ ቦታ ላይ ደረቅ ሳሙና አሸት ብታደርጉበት መርፌው በቀላሉ ያልፋል።

10. ዘንግና ገመድ

ለላይኛው የአውራ ጣት ውፍረት ያለው፣ ለታችኛው ቀጠን ያለ፣ ሁለቱም 66 ሳ.ሜ ርዝመት ያላቸው ዘንጎች አዘጋጁ። ከእንጅባራ በኩል የሚመጣው ቀርከሃ ለዚህ ሥራ ተወዳዳሪ የለውም፤ ቀላል ነው፣ አይጎብጥም። ባሕር ዛፍ ከሆነ ልጡን ልጣችሁ በደንብ ይድረቅ። እርጥቡ ጨርቁን ያቆሽሻል፣ ሲደርቅም ይጠማል። ጫፎቹን አለስልሱ።

ገመዱን ዘንጉ ጫፍ ላይ ከማሰራችሁ በፊት ዙሪያውን በቢላ ትንሽ ጎድጎድ አድርጉለት። እንዲያ ካልሆነ ገመዱ ተንሸራትቶ ይወጣል።

11. መስቀል

ብሎኬት ቤት ያላችሁ ግድግዳውን በድሪል ብሱና ፊሸር (ብሎኑን የሚይዘው የፕላስቲክ መሰኪያ) ከነብሎኑ አስገቡ። አለቀ።

ጭቃ ቤት ያለን ሰዎች ግን ጭቃው ላይ ሚስማር አንመታም። የያዘ ይመስላል፤ ሁለት ወር ይቆያል፤ ከዚያ ሐምሌ ይመጣል። ግድግዳው እርጥበት ሲጠጣ ጭቃው ይላላና ሚስማሩ ከነቁራሹ ይወርዳል። ውስጥ ያለውን እንጨት ፈልጉ። በጣታችሁ መገጣጠሚያ ግድግዳውን ከግራ ወደ ቀኝ እያንኳኳችሁ ሂዱ። ድምፁ ጠጠር ያለበት ቦታ ቋሚው እንጨት አለ። በቀጭን ሚስማር ሞክሩ፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ከበዳችሁ አግኝታችሁታል። ከዚያ ከ8 ሳ.ሜ የማያንስ ሚስማር ራሱን ወደ ላይ ዘንበል አድርጋችሁ ምቱ።

ሁለት ሚስማር ይሁን፣ አንድ አይደለም። በአንድ የተሰቀለ ጨርቅ ዕቃ ባወጣችሁ ቁጥር ይወላገዳል። ሁለቱ ቋሚዎች ከዘንጉ ርዝመት ጋር ካልተገጣጠሙ፣ አንድ ረጅም ጠርብ በሁለቱ ላይ ምቱና ጨርቁን ከጠርቡ ላይ ስቀሉ።

ከምድጃ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ፤ ጥላሸቱ ብቻ ሳይሆን ፍንጣሪውም አለ። መርፌና መቀስ የላይኛው ረድፍ ላይ ይቀመጡ፤ መድኃኒት ግን ልጅ በሚደርስበት በማንኛውም ኪስ አይገባም። ሁሉንም በአንድ ቀን አትሙሉት። መጀመሪያ የታችኛውን፣ በማግሥቱ ሌላውን። ጠቅላላውን ክብደት ከ3 ኪሎ አታሳልፉ።

ሲበላሽ ምን ይደረጋል?

ከስፌቱ በታች ክሩ እየተንጠለጠለ ቋጠሮ ከሆነ፦ የታችኛውን ክር አትነካኩ። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው ነው። ጨርቁን የሚጫነውን የመኪናውን መርገጫ (ፔዳሉን አይደለም) አንሡና የላዩን ክር ከመጀመሪያው አውጥታችሁ እንደገና አስገቡ። ካልተስተካከለ መርፌ ቀይሩ።

የመጨረሻው ኪስ ጠብቦ ከቀረ፦ አንዱ ምልክት ተዛንፏል። የመጨረሻውን ብቻ ተርትራችሁ አትታለሉ። ከግራ ጀምራችሁ ለኩና የተሳሳተውን መክፈያ ፈልጉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉ የለ።

የኪሱ አፍ ከረገበ፦ መፍታት አያስፈልግም። በአፉ እጥፋት ጎን ትንሽ ስንጥቅ አድርጉ፣ በመርፌ ቁልፍ ላስቲክ አሳልፉ፣ 2 ሳ.ሜ ያህል ሳብ አድርጋችሁ ሁለቱን ጫፍ ስፉት።

አፉ ጋ ከተቀደደ፦ እዚያው ላይ ብቻ አትስፉ። ከጀርባ ቁራጭ ጨርቅ ደርቡና በአራት ማዕዘን ስፉበት።

ሲሰቀል አንድ ጎኑ ከረዘመ፦ መጀመሪያ ገመዱን አስተካክሉ። አሁንም ካልተስተካከለ ጨርቁ ጠማማ ተቆርጧል። የታችኛውን ዘንግ ማስገቢያ ፈትታችሁ እንደገና በማስመሪያ እጠፉት። ኪሱ ትንሽ ዘመም ብሎ ይቀራል፤ ከእናንተ በቀር የሚያየው የለም።

በክረምት ጀርባው ከሻገተ፦ አውርዱና ዘንጎቹን አውጥታችሁ እጠቡት፤ ፀሐይ በወጣበት ቀን ደህና አድርጋችሁ አድርቁት። መልሳችሁ ስትሰቅሉ ከላይኛውም ከታችኛውም ዘንግ ኋላ አንድ አንድ የቀርከሃ ቁራጭ አስገቡ። በጨርቁና በግድግዳው መሐል ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ይኑር። እኛ ቤት ከዚያ ወዲህ አልሻገተም። እናቴ ግን አሁንም ሌሊት ኮሽ ባለ ቁጥር "ያ ጨርቅ ነው?" ትላለች።